በተዘጋው ባሕር የተያዘ እጅ

ወላሂ ቢላሂ፣ ይህ የማወራችሁ ነገር ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ሼኩዌ ውሸታም ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ መንደሩ በሙሉ ማለቴ ነው። ሻርክ ጋልቤ ላሙ ደሴት ገበያ ደርሼ ተመለስኩ ያልኩት ውሸት ነበር፣ አልክድም። አንዱን ፈረንጅ ከአህያ ጋር “አጎቴ ነው፣ ትንሽ ጆሮው ይከብደዋል” ብዬ ያስተዋወቅኩትም ለጨዋታ ነው። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ያላመነ ቀኝ ክንዴን ይይ። ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ድረስ ክብ ክብ ጠባሳ ተደርድሮበታል፤ ሰው የሻይ ብርጭቆ ቂጥ እየነከረ ያተመበት ነው የሚመስለው።

እኛ የኪሲማጁ ሰዎች ነን። ከወሽመጡ ማዶ ምቻንጋኒዎች አሉ። በመካከላችን ያለው ባሕር ከማንግሮቩ ደን አፍ ጀምሮ እስከ ውጭው የኮራል ድንጋይ ግድግዳ ድረስ የተዘረጋ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ በእግር የጀመረው ሰው ግማሽ ቀን ይሄድበታል። ይህን ሁሉ ሁለታችን ተባብረን ነው የጨረስነው። ማንግሮቩን እኛ ለጣሪያ ወጋግራ እየቆረጥን ሸጥነው፤ እኔ ራሴ መጥረቢያዬ ቀን የማይተኛ ቆራጭ ነበርኩ። እነሱ ደግሞ በሚጎተት መረብ የባሕሩን ሣር ከነሥሩ ነቀሉት። የሁለቱም መንደር ሴቶች ኦክቶፐስ ፍለጋ ኮራሉን በብረት እየፈነቀሉ ድንጋይ በድንጋይ አደረጉት። በመጨረሻ አንድ ቀን ሃያ ሴቶች ወጥተው፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ዞረው፣ የሕፃን ጡጫ የሚያካክሉ ሁለት ኦክቶፐሶች ይዘው ተመለሱ። ያን ቀን ማንም አልቀለደም። እኔም እንኳ።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌዎቹ መስጊድ ተቀምጠው የተማማሉት። ቃሉ አጭር ነው። በየዓመቱ ስድስት ወር ባሕሩ ይዘጋል፤ ወሰኑ ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ይተከላል፤ እስከ መክፈቻው ቀን ማንም እጁን አያስገባም። በዚያ መሀል ሁላችንም ማንግሮቭ እንተክላለን። ከሁለቱ መንደር አንድ ሰው ብቻ ቀኑን ሳይጠብቅ ሲያጠምድ ቢገኝ መሐላው ፈረሰ። ፈረሰ ማለት ደግሞ ሁሉም መረቡን፣ ብረቱንና መጥረቢያውን አንሥቶ እንደ ድሮው ይገባል ማለት ነው። ምቻንጋኒ ውስጥ ይህን ቀን በጉጉት የሚጠብቁ እንደነበሩ አውቃለሁ። ኪሲማጁ ውስጥም ነበሩ። አራት ዓመት ግን ጸና። ሣሩ ተመለሰ፤ ዔሊዎቹ መጥተው እንደ ጥጃ ይግጡት ጀመር።

በአራተኛው ዓመት፣ መክፈቻው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከመስጊዱ ደጃፍ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆኜ አፌ አመለጠኝ።

“እናንተ በብረት ስትቆፍሩ ትውላላችሁ” አልኩ፤ “እኔ ኦክቶፐሷን በስሟ ጠርቼ ነው የማወጣት።”

“ስሟ ማነው?” አለኝ አንዱ።

“ዙህራ።”

“ባትመጣስ?”

“ጢሜን እላጫለሁ።”

ሳቁብኝ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ጢሜን እወደዋለሁ። ደግሞ በእኛ መንደር ኦክቶፐስ የሴቶች ሥራ ነው፤ እኔ የጭቃና የእንጨት ሰው ነኝ፣ ጉድጓዷ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ስለዚህ ቀድሜ ሄጄ አንዷን ቤቷ ድረስ ልያት፣ ቦታውን በልቤ ልያዝ፣ በመክፈቻው ቀን እዚያ ቆሜ “ዙህራ!” ብዬ እጠራለሁ፣ በእግሬ ድንጋዩን እነቀንቃለሁ፣ ትወጣለች ብዬ አሰብኩ። ልሰርቅ አልነበረም። ማየት ብቻ።

በዋዜማው ሄድኩ። ጨረቃ ሙሉ ነበረች፤ ጨረቃ ስትሞላ ባሕሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ይሸሻል፣ ሲመለስ ግን የሸሸውን ያህል ነው የሚመለሰው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ውሃው ጨርሶ ሸሽቶ ነበር። በማንግሮቩ በኩል ችግኝ ልጠብቅ የሄድኩ መስዬ ገባሁ። ብረት አልያዝኩም። በተዘጋ ባሕር ብረት ይዞ የታየ ሰው ሌባ ነው፤ ባዶ እጁን የሄደ ግን ሽንቱን ሊሸና የወጣ ነው። ሽርጤም እንዳይርስብኝ አውልቄ አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ሰው የለም፣ ማን ያየኛል?

ጉድጓዷን አገኘሁ። ከጉልበቴ ዝቅ ያለ የኮራል ጉብታ ሥር ነው፤ ደጃፉ ላይ የተበሉ ሸርጣኖች ቅርፊት ተከምሯል፤ በሩን ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ አድርጋ ደፍናዋለች። ሥራዋን አደነቅኩ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሣሁ። ተንበርክኬ አጎንብሼ ባይ ጨለማ ነው። እንግዲህ ብረት ቢኖረኝ በብረቱ እነካካ ነበር። ስለሌለኝ እጄን ሰደድኩ።

መጀመሪያ ላይ የነካኝ ነገር ለስላሳ ነበር፣ እንደ ሕፃን ምላስ። “ዙህራ” አልኩ እየሳቅሁ። ሁለተኛው ምላስ መጣ። ሦስተኛው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠበቁ።

ስቤ ላወጣ ስል ክንዴ አልመጣም። ባሕሩ ራሱ የያዘኝ መሰለኝ። እግሬን ኮራሉ ላይ ቸክዬ ሳብኩ፤ ትከሻዬ ቋ አለ። እሷ በዚያኛው ወገን ዐለቱን አቅፋለች፣ በዚህኛው እኔን አቅፋለች፤ መሀል ላይ የሚላቀቅ ነገር ካለ የእኔ ክንድ ነው።

ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ከግድግዳው በኩል ሹሹሹ የሚል። ባሕሩ መመለሱ ነው።

ውሃ ሲመለስ አይቸኩልም። ይህ ነው የሚያስፈራው። መጀመሪያ በኮራሉ መሀል ባሉት ትንንሽ ቦዮች ይመጣል፣ ሸርጣኖቹ ወጥተው ይቀበሉታል። ከዚያ ቁርጭምጭሚት። ትንንሽ ዓሦች በጉልበቴ ዙሪያ መጡና ምን ሆነህ ነው የሚሉ ይመስል ቆመው አዩኝ። እኔ እንደሆንኩ ተንበርክኬ ነው ያለሁት፤ ቀና ማለት አልችልም። ለቆመ ሰው ወገብ የሚደርስ ውሃ ለእኔ አንገት ነው። ሰው በሚራመድበት ባሕር ውስጥ ልሰምጥ ነው።

መንደሩ ይታየኛል። ማንግሮቩ ጋ ሰዎች ችግኝ ሲተክሉ ነጭ ቆባቸው ይታየኛል። አንድ ጊዜ ብጮኽ አሥር ሰው ይደርስልኛል። አሥር ሰው ከደረሰልኝ ግን ነገሩ አለቀ፤ የኪሲማጁ ሰው በዋዜማው እጁን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ተያዘ። እስከ ማታ ምቻንጋኒ ይሰማል። በማግስቱ መረቦቹ ይወጣሉ፣ ብረቱ ይወጣል፣ እኔ በእጄ የተከልኳቸው ማንግሮቮች በመጥረቢያ ይወድቃሉ። አራት ዓመት በአንድ ጩኸት! ጥርሴን ነከስኩ። አልጮኽኩም። ውሃው ደረቴ ላይ ደረሰ፣ አልጮኽኩም።

ሽርጤን አየሁት። ውሃው ከድንጋዩ ላይ አንሥቶት፣ እንደ ሰው ተዘርግቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ማንግሮቩ እየሄደ ነው። እኔ እዚህ ቀርቼ እሱ ወደ ቤት።

የቀትር አዛን ከመንደር መጣ። እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ የተባለ መሰለኝ። ሚስቴን ዘይቱንን አሰብኳት። ጠዋት “ወዴት ነው?” ስትለኝ “ዓሣ ነባሪ ላገባ ነው የምሄደው” ብያት ነበር። ሴትዮዋ ከእኔ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ይህ ሊሆን ነው።

ውሃው አገጬን ሲነካ ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው ውሃ እየገፋ ሲመጣ የሚሰማው መንቦጫረቅ።

“ያ ረቢ! ልጄ ባሏ ሞተባት!” የሚል ድምፅ።

ከሞት የሚብስ ነገር አለ ብትሉኝ በፊት አላምንም ነበር። ድምፁ የቢ ቲማ ነው። ቢ ቲማ፣ ወይዘሮ ቲማ እንደ ማለት ነው፣ የኦክቶፐስ አጥማጅ ሴቶች አለቃ ናቸው፤ መሐላውን ካስማሉት አንዷ ናቸው፤ በዚያ ላይ የዘይቱን እናት ናቸው። እኔና አማቴ በአንድ ገበታ በልተን አናውቅም። እሳቸው ባሉበት ቤት እጅጌዬን እንኳ አልሰበስብም። ችግኝ ሲቆጥሩ ሽርጤ ተንሳፍፎ መጣላቸው፤ ለሠርጌ የገዙልኝ እሳቸው ስለሆኑ ጥለቱን አወቁት።

“አልሞትኩም እናቴ” አልኩ።

“ሼኩዌ?” አሉ።

“አቤት።”

“ታዲያ ሽርጥህ ለብቻው ምን ይሠራል?” ድምፃቸው ተቀየረ። “ራቁትህን ነህ?”

ዓሦቹን ማየት ጀመርኩ።

“ራቁትህን ነህ ወይ ነው የምልህ!”

“ውሃ ለብሻለሁ እናቴ።”

“አስተግፊሩላህ!” ዞሩና ጀርባቸውን ሰጡኝ። በእኛ አገር ሴቶች ሌሶ የሚሉትን ጨርቅ ጥንድ ነው የሚለብሱት፣ አንዱን ከወገብ፣ አንዱን ከራስ። ከራሳቸው ያለውን ፈትተው ሳያዩ ወደ ኋላ ወረወሩልኝ። በአንድ እጄና በጥርሴ እንደምንም ታጠቅሁ።

“አሁን ተነሥ።”

“አልችልም። እጄ ተይዟል።”

“ማን ያዘው?”

“የቤቱ ባለቤት።”

ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ቆመው አሰቡ። “በሩ ላይ ድንጋይ ደርድራ ነበር?”

“ነበር።”

“ምን አደረግከው?”

“አነሣሁት።”

“አንተ ድንጋይ ራስ! ድንጋይ ደረደረች ማለት እንቁላሏ ላይ ናት ማለት ነው! አምስት ዓመት የሆናት ሕፃን ይህን ታውቃለች! ርቧት፣ ከስታ፣ እስክትሞት እዚያው ናት። አንተን ለቅቃ ወዴት ትሄዳለች?”

መጥተው በክንዴ በኩል እጃቸውን ሰድደው ዳሰሷት። ሲያወጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ቢ ቲማ ሲፈሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ትልቅ ናት” አሉ በቀስታ።

“እንግደላት” አልኩ። “እናንተ ግንባሯን ስትነክሱ ትሞታለች ሲሉ ሰምቻለሁ።”

“ከሞተች መሐላው ሞተ። እኔ በጥርሴ ገድዬው ምን ብዬ ሰው ፊት እቆማለሁ?”

“ካልሞተች እኔ ሞትኩ!”

“እያሰብኩ ነው።”

“ቶሎ ያስቡ እናቴ!”

“አትጩኽብኝ። እሷ ሃምሳ ሺህ ልጆች አሏት፤ አንተ ሁለት።”

ይህን ሲሉ ቀልድ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። እስከ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

በዚህ መሀል ሸራ መጣ። ከምቻንጋኒ በኩል ነው፤ ጀልባው የአቡድ ነው። አቡድ የማዶዎቹ የጀልባ አለቃ ነው፣ ናሆዳ ይሉታል፤ ወሰኑን በዓይኑ ሲጠብቅ የሚውል፣ አንዲት ስሕተት ከእኛ ቢያገኝ በበዓል ልብሱ የሚጨፍር ሰው። አቡድ ከእኛ ጥቂት ክንድ ርቆ የተተከለው ነጭ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ጋ ሲደርስ ሸራውን አወረደና አንድ ክንድ እንኳ ሳያልፍ ቆመ።

“ቲማ! በተዘጋ ባሕር ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ያ የምን ጭንቅላት ነው?”

“የአማቼ ነው። ኦክቶፐስ ይዛዋለች፣ ውሃው ሊሸፍነው ነው። ና ግባ፣ ጉልበት ያስፈልገኛል።”

“ከእንጨቱ ወዲያ?”

“ታዲያ ከየት ልታወጣው ነው!”

“እግሬ ከዚህ አያልፍም። ነገ ደግሞ ምቻንጋኒ አፈረሰ ልትሉ? አላውቃችሁም እንዴ?”

“ሰው እየሞተ ነው አቡድ!”

“ሲሞት አያለሁ፤ እግሬ ግን መሐላ አለበት።” እሱም ፈርቷል። ጀልባው ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር፣ እንጨቱን በእጁ ይይዘዋል፣ ይለቅቀዋል። ሁለት ሰዎች በእኔ ሞት ላይ ወሰን ሲጠባበቁ ውሃው ከንፈሬን አለፈ። አንገቴን ወደ ሰማይ አቀናሁ። በአፍንጫዬ ብቻ ነው የቀረሁት። ትንሽ ሞገድ በመጣ ቁጥር እሱም ይዘጋል፤ ሲያልፍ እተነፍሳለሁ። የማየው ሰማይ ብቻ ነው። የምሰማው ግማሹን ነው።

“ትምባሆ ታኝካለህ አይደል?” ሲሉ ሰማሁ ቢ ቲማን።

“አሁን ትምባሆ አማረሽ?”

“ወርውር!”

“ከሐጅ መልስ ትተሽው—”

“ወርውር ነው ያልኩህ፣ አንተ የፍየል ልጅ! እግርህ ነው የማለው፣ ትምባሆህ አልማለም!”

ከረጢቱ በራሴ ላይ አለፈ። ቢ ቲማ ጭብጥ ሙሉ አፋቸው ውስጥ ከትተው እንደ ፍየል አኘኩት። ከዚያ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ሴትዮ አፍንጫቸውን ይዘው ውሃው ውስጥ ጠለቁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ በሰዓት አትለኩት። እጃቸው በክንዴ በኩል ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ተሰማኝ። የታኘከውን ትምባሆ ጭምቅ አድርገው ውስጥ ወሸቁት። እሷ አጥብቃ ጨበጠችኝ፤ አጥንቴ ሲጮኽ ሰማሁት። ሞገድ መጣና አፍንጫዬን ዘጋው፣ አልሄደም። ደረቴ ሊፈነዳ ሆነ። ከዚያ አንዱ ክንዷ ላላ። ሁለተኛው። የልብስ ቁልፍ ሲፈታ እንደሚሰማው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሁሉም ተላቀቀ፣ ውሃውም ቀለሟን ስትረጭበት ጥቁር ሆነ።

ብድግ አልኩ። ውሃው ወገቤ ላይ ነበር! አየር ስስብ ያሰማሁት ድምፅ የአህያ ነው። ዞር ስል ግን ቢ ቲማ የሉም። ጥቁር ውሃ ብቻ። እዚህ ላይ ነው ከሁሉ የፈራሁት፤ ከራሴ ሞት በላይ። በግራ እጄ ውሃውን ዳሰስኩ፣ ጨርቅ ያዝኩ፣ ጎተትኩ። ፊታቸው ጥቁር በጥቁር ሆኖ፣ ትምባሆ እየተፉ ወጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው፦

“ዞር በል፣ ባለጌ! ሌሶዬን ለቀቅ!”

“ሞቱ መስሎኝ!”

“በሩን እየዘጋሁላት ነው!” አሉና እንደገና ጠለቁ። ያነሣኋቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ በቦታቸው ሳይመልሱ ወደ መንደር አልተመለሱም።

ቢ ቲማ አይዋሹም። ያን ዕለት ከአሥር ሰዓት ስግደት በኋላ፣ የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች ለመክፈቻው በተሰበሰቡበት፣ ተነሥተው ሁሉን ነገሩ። ድንጋዩን፣ ክንዱን፣ ትምባሆውን። የሽርጡን ነገር ብቻ አለፉት፤ አላህ ይስጣቸው። ከምቻንጋኒ ወጣቶች አንዱ “በቃ፣ ፈረሰ!” ብሎ ብድግ አለ። ከእኛም ሁለት ሰው ተነሣ፣ ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር። የድንጋዩን መቀመጫ ይዤ ቆምኩ።

ያኔ አቡድ ተነሣ። አለቀልኝ አልኩ።

“እኔ ስደርስ ውሃው አፍንጫው ላይ ነበር” አለ። “መንደሩ እዚህ ነው። ችግኝ የሚተክለው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። ይህ ቀልደኛ አንድ ጊዜ ቢጮኽ ይወጣ ነበር፤ መሐላው እንዳይፈርስ ብሎ አፉን ዘግቶ ሊሞት ነበር። እኔ እንኳ እግሬን ነው የከለከልኩት፣ እሱ ነፍሱን ነው። ይህን ሰው አፍርሷል የምትሉ ከሆነ ማን ነው የጠበቀው?”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ቢ ቲማ ዞሩ። “ጮኾ ነበር?”

ቢ ቲማ አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። “እኔ ስደርስ አፉ ዝግ ነበር” አሉ።

“አንተስ?” አሉኝ ሽማግሌው። ልመልስ ብል ድምፄ የለም፤ እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ ብቻ አለ። “የባሕሩ ጨው ነው፣ ተዉት” አለ አንዱ። አልጮኽኩም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ከባሕሩ የወጣ ነገር የለም፣ እሷም በቤቷ አለች፣ መሐላው ጸንቷል ተባለ። ለእኔ የተፈረደብኝ፣ በመክፈቻው ቀን ሰው ሁሉ ሲያጠምድ፣ የአማቴን ሌሶ ታጥቄ ጉድጓዷ ደጃፍ ቆሜ ማንም እንዳይነካት መጠበቅ ነው። ጢሜንም ላጩኝ። በነጋታው ጃንጥላ የሚያካክሉ ኦክቶፐሶች በፊቴ ሲያልፉ፣ እኔ ከበሩ አምስት ክንድ ርቄ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን በነካው ቁጥር እየዘለልኩ ዋልኩ። ዙህራ ብዬ አልጠራሁም። እንዳትወጣ ፈርቼ።

እንግዲህ ሁሉም እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ። አልጮኽኩም ያልኩት። ጮኼያለሁ። ውሃው ጉልበቴ ሳይደርስ ጀምሬ፣ ዘይቱንን፣ እናቴን፣ በኋላም ማዶ ያለውን አቡድን ራሱን በስሙ እየጠራሁ፣ መሐላውም መንደሩም ገደል ይግባ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼያለሁ። ነፋሱ ከመንደር ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው፤ ከእነሱ ወደ እኔ አዛን አመጣ፣ ከእኔ ወደ እነሱ ግን ምንም አላደረሰም። ቢ ቲማ ያውቃሉ፤ ያን ማታ ለጉሮሮዬ ማር ሲልኩልኝ ገብቶኛል። ይህን አደራ ለአቡድ እንዳትነግሩት። ዘንድሮም መሐላውን ለማደስ ቀድሞ የተነሣው እሱ ነው፣ ሲናገርም የእኔን ስም እየጠራ ነበር።